የሕያዋንን ሳይንሳዊ ስም ፈትቶ የማንበቢያ መንገድ፤ በወሎ ዛፎችና አራዊት ምሳሌነት

በወሎ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባዮሎጂ የሚማር ተማሪ የሕያዋን ምደባ ወደሚባለው ምዕራፍ ሲደርስ ከዚያ በፊት ሰምቷቸው የማያውቃቸው የላቲን ስሞች በተርታ ይጠብቁታል። አብዛኛው ተማሪ ስሞቹን ለፈተና ይሸመድዳል፤ ከፈተና በኋላም ይረሳቸዋል። ይህ የተማሪው ስንፍና አይመስለኝም። ስሙ ከየትኞቹ ቃላት እንደ ተሠራ፣ ማን መቼ እንዳወጣውና ምን አይቶ እንደዚያ እንዳለው ያልተነገረው ሰው ድምፁን ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ትርጉም የሌለው ድምፅ ደግሞ አይከርምም። ከዚህ በታች የቀረበው አካሄድ አንድን ሳይንሳዊ ስም ለሁለት ከፍሎ፣ የቃሉን ሥር ፈልጎ፣ የስም አወጣጡን ታሪክ አጣርቶ፣ በመጨረሻም ከራሱ ከዕፁ ወይም ከእንስሳው ጋር አስተያይቶ ለመረዳት ያገለግላል። ምሳሌዎቹ በተቻለ መጠን በወሎ ደጋና ቆላ የሚገኙ ናቸው፤ ስም የሚገባው ባለቤቱን እያዩ ሲፈቱት ነው ብዬ አምናለሁና። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የአገሬውን ስም ይያዙ

ወደ ላቲኑ ከመሄድ በፊት የሚጠናውን ነገር ሰዎች በየአካባቢው ምን ብለው እንደሚጠሩት መመዝገብ ያስፈልጋል። ወሎ ለዚህ ሥራ የተመቸ አገር ነው። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ላይ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ ተናጋሪዎች በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ፤ አማርኛ ተናጋሪው ወይራ የሚለውን ዛፍ ኦሮምኛ ተናጋሪው ኤጀርሳ፣ ዋንዛን ወዴሳ፣ ኮሶን ሄጦ፣ ጥድን ጋቲራ ይለዋል። አንድ ዛፍ ብዙ ስም ሲኖረው መፍትሔው ቀላል ነው፤ ስሞቹን ጎን ለጎን መጻፍ ይበቃል። ይልቅ የሚያሳስተው አንድ ስም ለተለያዩ ነገሮች ሲውል ነው።

ለዚህ ከቁልቋል የተሻለ ምሳሌ የለም። በገደላገደሉ ላይ በቅሎ ቅርንጫፎቹን ወደ ላይ የሚያቆመውና ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ዛፍ ቁልቋል ይባላል። ለአጥር የሚተከለው፣ ጠፍጣፋ አካሉ በእሾህ የተሸፈነውና ፍሬው የሚበላው ተክልም በብዙ ቦታ ቁልቋል ወይም በለስ ይባላል። ሁለቱ ግን የሥጋ ዝምድና የላቸውም። የመጀመሪያው ዩፎርቢያ አቢሲኒካ የሚባል የአገራችን ተወላጅ ሲሆን ወተቱ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል፤ ሁለተኛው ኦፑንቲያ ፊከስ ኢንዲካ የሚባል ዘሩ ከሜክሲኮ የመጣ ተክል ነው። ማስታወሻው ላይ «ቁልቋል» ብሎ ብቻ የጻፈ ተማሪ ከወር በኋላ የትኛውን እንዳየ ራሱም ላያስታውስ ይችላል። ስለዚህ ከአገሬው ስም ጋር የታየበት ቦታ፣ ደጋ ወይም ቆላ መሆኑ፣ የቅጠሉና የአበባው ሁኔታ በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት።

ስሙን ለሁለት ይክፈሉ

ከስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ (1707–1778) በፊት የአውሮፓ ሊቃውንት አንድን ተክል የሚጠሩት መልኩን በሚዘረዝር ረጅም የላቲን ሐረግ ነበር። ሊኔየስ በ1753 ለዕፅዋት፣ በ1758 ደግሞ ለእንስሳት ባሳተማቸው ሥራዎች ሁለት ቃል ብቻ ያለውን ስም በሥርዓት ተጠቀመ፤ ዛሬም የዕፅዋት ስም ሕጋዊ መነሻ 1753፣ የእንስሳት ደግሞ 1758 ሆኖ ይቆጠራል። ከሁለቱ ቃላት የመጀመሪያው የጂነሱ ስም ነው፤ ይህን የቅርብ ዘመዳሞች ሁሉ ይጋሩታል። ሁለተኛው አንዱን ዝርያ ከእነዚህ ዘመዶቹ ይለየዋል። እኛ ዘንድ የራስ ስም ይቀድምና የአባት ስም ይከተላል፤ በሳይንሳዊ ስም ግን የጋራው ቀድሞ የግሉ ይከተላል።

በላቲን ፊደል ሲጻፍ የጂነሱ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ ሁለተኛው ቃል የሰው ወይም የአገር ስም ቢይዝ እንኳ ሁልጊዜ በትንሽ ፊደል ይጀምራል። ሁለቱም በዘመም ፊደል ይታተማሉ፤ በእጅ ሲጻፉ ከሥራቸው ይሰመርባቸዋል። በግዕዝ ፊደል ስንጽፍ ይህ ልዩነት ስለማይታይ፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመረጡትን አጻጻፍ እስከ መጨረሻው ሳይለውጡ መጠቀም ይገባል፤ በአንድ ገጽ ላይ ዩካሊፕተስ በሌላው ኢውካሊፕቱስ የሚል ጽሑፍ አንባቢውን ሁለት ዛፍ ያስመስልበታል።

ሁለተኛው ቃል ብቻውን ስም አለመሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ዋንዛ ኮርዲያ አፍሪካና ነው፤ ጥቁር እንጨት ደግሞ ፕሩነስ አፍሪካና ነው። «አፍሪካና» ብቻ ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አልጻፈም።

የቃሉን ሥር መፈለግ

ከዚህ በኋላ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው መያዝና «የመጣው ከየት ቋንቋ ነው? ምንን ይገልጻል?» ብሎ መጠየቅ ነው። አብዛኛው ሥር ከላቲን ወይም ከጥንታዊ ግሪክኛ ይመዘዛል። የተቀረው ከሰው ስም፣ ከቦታ ስም ወይም ከአገሬው ቋንቋ የተወሰደ ነው።

መልክን የሚናገሩት ስሞች ለጀማሪ የሚቀሉ ናቸው፤ ዛፉ ሥር ቆሞ ወዲያው ማረጋገጥ ይቻላልና። በኮምቦልቻ አጠገብ ባለው የጎፍ ደን የሚገኘው ጥድ ጁኒፐረስ ፕሮሴራ ይባላል፤ ጁኒፐረስ ሮማውያን ለዚህ ወገን ይጠቀሙበት የነበረ ጥንታዊ ስም ሲሆን ፕሮሴራ ማለት ረጅም፣ መለሎ ማለት ነው። ክትክታ ዶዶኒያ አንጉስቲፎሊያ ነው፤ አንጉስተስ ጠባብ፣ ፎሊየም ቅጠል ማለት ስለሆነ ሁለቱ ሲገጠሙ «ጠባብ ቅጠል ያለው» ይሆናሉ። ብሳና ክሮቶን ማክሮስታኪየስ ይባላል። ማክሮስ በግሪክኛ ረጅም፣ ስታኪስ ደግሞ ዛላ ነው፤ በአበባው ወራት ብሳናን ያየ ሰው ከቅርንጫፎቹ ጫፍ የሚንዠረገገውን ረጅም ፈዛዛ ነጭ ዛላ አይቶ ስሙን ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ክሮቶን የሚለው የጂነሱ ስም መዥገር ማለት ነው፤ ከዘሩ መልክ የተወሰደ ነው።

በዋግ ቆላ፣ በቀድሞው የወሎ ክፍለ ሀገር ሰሜናዊ ጫፍ፣ የሚገኘው የዕጣን ዛፍ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ የሚባልበትን ምክንያት ለማወቅ ግንዱን መቅረብ ብቻ ይበቃል። ቅርፊቱ በስሱ እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ቁራጩን በጣት ይዘው ወደ ብርሃን ቢያነሡት ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሲነኩት የሚንኮሻኮሽ ስስ ገጽ ያገኛሉ። ፓፒረስ ጥንታውያን ይጽፉበት የነበረው ወረቀት ነው፤ ፌራ የሚለው ቅጥያ የሚሸከም፣ የሚያፈራ ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ ወረቀት ተሸካሚ ይላል። ቦስዌሊያ የሚለው ግን ስለ ዛፉ ምንም አይነግረንም፤ ቦስዌል የተባለ ስኮትላንዳዊ ሰው መታሰቢያ ነው።

የሰው ስም ያላቸውን ቃላት በመልክ ለመፍታት መሞከር ድካም ብቻ ስለሆነ ይህን ልዩነት ቶሎ መልመድ ይጠቅማል። ክትክታን ዶዶኒያ ያሰኘው ሬምበርት ዶዱንስ (1517–1585) የተባለ ሐኪምና የዕፅዋት ሊቅ ነው። በአቡነ ዮሴፍ ተራራ አናት የሚቆመው ጅባራ ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም ሲባል፣ ሎቤሊያ የማቲያስ ዴ ሎቤል (1538–1616) መታሰቢያ ነው። ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዘመን፣ በዛሬዎቹ ቤልጅየምና ሰሜን ፈረንሳይ አካባቢ የተወለዱ ሲሆኑ ጅባራንም ሆነ የወሎን ክትክታ አይተው አያውቁም፤ ስማቸውን በጂነስነት የሰጡት ከእነሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው። በአንጻሩ ሪንኮፔታለም የሚለው ሁለተኛው ቃል ከተክሉ ከራሱ የተወሰደ ነው፤ ሪንኮስ ምንቃር፣ ፔታሎን ደግሞ የአበባ ቅጠል ነው።

ሁለተኛው ቃል በሰው ስም የተሰየመ መሆኑን የሚያሳብቀው መድረሻው ነው። ለወንድ በአብዛኛው «ኢ» የሚል ድምፅ ይጨመርበታል። ወሎዬ ከሻይ ጋር የሚያፈላው ጦስኝ ታይመስ ሺምፐሪ ነው፤ «የሺምፐር ታይመስ» እንደማለት ነው። ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ብዙ ሺህ ናሙናዎችን እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ የላከ፣ በ1878 ዓድዋ ላይ የሞተ ጀርመናዊ ነበር፤ በአገራችን ዕፅዋት ስም ውስጥ ሺምፐሪ የሚለው ቃል ደጋግሞ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። መድረሻው «ኤንሲስ» ወይም «ኢካ» ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ የቦታ ስም ነው፤ ሲሜንሲስ የስሜን፣ አቢሲኒካ የአበሻ አገር ማለት ነው። ኤዱሊስ የሚበላ ማለት ነው፤ ጫት ካታ ኤዱሊስ ሲባል ካታ የሚለው ከዐረብኛው ቃት የተወሰደ ነው።

ጥቂት ሥሮችን በዚህ መንገድ የያዘ ተማሪ በሌላ ምዕራፍም ይጠቀምባቸዋል። በግሪክኛ ፊሎን ቅጠል መሆኑን ካወቀ፣ ክሎሮስ አረንጓዴ ማለት መሆኑን ሲጨምርበት ክሎሮፊል የሚለው ቃል ይፈታለታል። ኢንደሚክ የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ኤን «ውስጥ»፣ ዴሞስ «ሕዝብ» ማለት ስለሆነ በአንድ አገር ብቻ የሚገኝ ለማለት ይውላል። እኛ ብዙ ጊዜ ብርቅዬ ብለን እንተረጉመዋለን፤ ነገር ግን ጭላዳ በወሎ ደጋ በመንጋ የሚታይ ሆኖ ሳለ ኢንደሚክ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጪ በዱር አይገኝምና። ስለዚህ ቃሉን ቁጥሩ ያነሰ ከሚለው ጋር እንዳያምታቱት ያስፈልጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይገባል። የላቲኑ ቃል ድምፅ ከአማርኛ ቃል ጋር ስለተመሳሰለ ብቻ ከአማርኛ መጣ ማለት አይቻልም። ኑግ ጉይዞቲያ አቢሲኒካ ይባላል፤ የጂነሱ ስም ጉዞ ከሚለው ቃላችን ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም፤ ፍራንስዋ ጊዞ የተባለውን ፈረንሳዊ የታሪክ ጸሐፊና ፖለቲከኛ ለማክበር የወጣ ነው። በተቃራኒው ከእኛ ቋንቋ በትክክል የተወሰዱ አሉ። ጤፍ ኤራግሮስቲስ ቴፍ፣ ጭላዳ ቴሮፒቴከስ ገላዳ ሲባሉ ሁለተኛው ቃል የአገሬው ስም ራሱ ነው፤ እንዲህ ያለውን ለማረጋገጥ ግን ስሙን ያወጣው ሰው አገሩን አይቶ እንደሆነ፣ ወይም ዘሩንና ናሙናውን ከማን እንዳገኘ መመርመር ይቀድማል።

ኮሶ፤ አንድ ስም እስከ ሥሩ

አካሄዱን በሙሉ ለማሳየት አንድ ስም ብቻ ብመርጥ የምመርጠው ኮሶን ነው። ዛሬ ትክክለኛ ስሙ ሃጌኒያ አቢሲኒካ ሲሆን በዕፅዋት መጻሕፍት ውስጥ ሙሉ አጻጻፉ «ሃጌኒያ አቢሲኒካ (ብሩስ) ጄ. ኤፍ. ግመሊን» ይላል። በዚህ መስመር ውስጥ ሦስት ሰዎች አሉ።

የመጀመሪያው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው። ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ ቆይቶ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ኮሶን ከነሥዕሉ ገለጸውና ለእንግሊዛዊው የተፈጥሮ ሊቅ ለጆሴፍ ባንክስ ክብር ባንክሲያ አቢሲኒካ ብሎ ሰየመው። ሆኖም ባንክሲያ የሚለው ስም ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ1782፣ በሊኔየስ ልጅ አማካይነት ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ነበር። አንድ የጂነስ ስም ለሁለት የተለያዩ የዕፅዋት ወገኖች ሊያገለግል ስለማይችል የኋለኛው መነሳት ነበረበት። ጀርመናዊው ዮሐን ፍሪድሪሽ ግመሊን በ1791 ኮሶን ለብቻው አዲስ ጂነስ አድርጎ በኬኒግስበርግ ይኖር በነበረው የመድኃኒት ቀማሚና የኬሚስትሪ ሊቅ በካርል ጎትፍሪድ ሃገን ስም ሃጌኒያ አለው። አቢሲኒካ የሚለውን የብሩስን ቃል ግን እንዳለ ጠበቀው። የብሩስ ስም በቅንፍ ውስጥ የገባው ሁለተኛውን ቃል በመጀመሪያ የሰጠው እሱ ስለሆነ ነው፤ ግመሊን ከቅንፍ ውጭ የቆመው ቃሉን ወደ አሁኑ ጂነስ ያዛወረው እሱ ስለሆነ ነው። ሦስተኛው ሰው ሃገን በስሙ ውስጥ ተቀምጧል።

ታሪኩ በዚህ አያበቃም። በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረ ብራዬ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም የደረቀ የኮሶ አበባ ለኮሶ ትል እንደሚሰጥ እዚያው አይቶ ናሙናውን ወደ ፓሪስ ወሰደ። የዕፅዋት ሊቁ ኩንት በ1824 ይህን አበባ ብራዬራ አንቴልሚንቲካ ብሎ ሰየመው፤ አንቲ ተቃራኒ፣ ሄልሚንስ ትል ማለት ስለሆነ «ፀረ ትል» የሚል ትርጉም አለው። በድሮ የአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ኮሶን በዚህ ስም የሚያገኘው አንባቢ ሌላ ተክል እንዳይመስለው። ከሁለቱ ስሞች ሃጌኒያ አቢሲኒካ የጸናው ቀድሞ በትክክል ስለ ታተመ ብቻ ነው፤ ሕጉ ቅድሚያን እንጂ የትርጉምን ማማር አይመለከትም። በእኔ ግምት የኩንት ስም ስለ ዛፉ የበለጠ ይናገራል፤ የደጋ ሰው ኮሶን ያወቀው በዚሁ ሥራው ነውና። ያም ሆኖ ስሙ መድኃኒትነቱን ቢናገርም መጠኑን አይናገርም፤ ኮሶ ሲበዛ የሚጎዳ ብርቱ መድኃኒት በመሆኑ ስሙን የፈታ ተማሪ የሚቀምሰው ነገር አይደለም።

ጂነሱ ከዚህ አንድ ዝርያ በቀር ሌላ የለውም። የሚመደብበት ቤተሰብ ግን ሰፊ ነው፤ ቀጋና ጥቁር እንጨትም በዚሁ በጽጌረዳ ቤተሰብ ውስጥ ይገኛሉ።

ቅንፉን ማንበብ

የደራሲዎቹን ስምና ዓመት ለማግኘት በኢንተርኔት በነጻ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የዕፅዋት ስሞች ማውጫ መመልከት ይቻላል፤ ናሙና ይዞ ማረጋገጥ ለሚፈልግ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ፣ አለ። ማውጫው የሰዎቹን ስም አሳጥሮ ስለሚጽፍ ከመገመት ይልቅ ሙሉ ስሙን መፈለግ ይሻላል።

ጤፍን በዚህ መንገድ ብንከታተል ጣሊያናዊው ዙካኚ በ1775 ፖአ ቴፍ ብሎት እናገኛለን። ዣካን በ1781 ፖአ አቢሲኒካ አለው። ትሮተር በ1918 የዙካኚን ቃል ወስዶ ወደ ኤራግሮስቲስ አዛወረውና የዛሬው ስም ተገኘ። ኤራግሮስቲስ አቢሲኒካ የሚለው ሌላው ስም በቆዩ የእርሻ መጻሕፍት ውስጥ ቢገኝም መነሻው ከ1781 ስለሆነ የ1775ቱን ሊያሸንፍ አልቻለም። በዚህ የስድስት ዓመት ብልጫ ምክንያት የእህላችን የገዛ ስሙ በዓለም መዝገብ ላይ ቆይቷል።

በእንስሳት ዘንድ አጻጻፉ ይለያል። የመጀመሪያው ሰያሚና ዓመቱ ብቻ ይጻፋሉ፤ ያዛወረው ሰው አይጠቀስም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ጭላዳን በ1835 ሲገልጽ ማካከስ ከሚባለው ጂነስ ውስጥ አስገብቶት ነበር፤ በኋላ ቴሮፒቴከስ ወደሚባለው ስለ ተዛወረ «ቴሮፒቴከስ ገላዳ (ሩፔል፣ 1835)» ተብሎ በቅንፍ ይጻፋል። ቴር አውሬ፣ ፒቴኮስ ዝንጀሮ ማለት ነው። ቀይ ቀበሮን ግን ያው ሩፔል መጀመሪያውኑ ካኒስ ስላለውና ዛሬም እዚያው ስላለ «ካኒስ ሲሜንሲስ ሩፔል፣ 1840» ያለ ቅንፍ ይጻፋል። ካኒስ ውሻ ማለት ነው፤ ስሙ እንስሳው ከቀበሮዎች ይልቅ ለተኩላና ለውሻ የሚቀርብ መሆኑን ይናገራል፤ የአማርኛው መጠሪያ ይህን ዝምድና አያሳይም።

ስሙን ከባለቤቱ ጋር ማስተያየት

ይህ እርምጃ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ ዋጋ እሰጠዋለሁ። በደሴ ዙሪያ ካለው ነጭ ባሕር ዛፍ አንድ ያልፈነዳ እምቡጥ ይልቀሙ። ዩካሊፕተስ ግሎቡለስ ይባላል፤ ኢው በግሪክኛ ደህና፣ ካሊፕቶስ የተሸፈነ ማለት ነው፤ ግሎቡለስ በላቲን ትንሽ ድቡልቡል ነው። እምቡጡ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት፣ አራት ጠርዝ ያለው፣ ገጹ ጎርበጥባጣ ነው። አናቱን በጥፍር ቀስ ብለው ሲገፉት፣ ከደረሰ፣ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ ይወድቃል፤ ከሥሩ ተጣጥፈው የነበሩ ብዙ ፈዛዛ ነጭ ክሮች ይዘረጋሉ። በአበባው ላይ ለብቻቸው የቆሙ የአበባ ቅጠሎች አይታዩም፤ ክዳን ሆነው የተጣበቁት እነሱ ናቸውና። «ደህና የተሸፈነ» የሚለው ስም ሙሉ ትርጉሙን የሚያገኘው ክዳኑን በገዛ እጅ ከከፈቱ በኋላ ነው። የአማርኛው ስም ደግሞ ሌላ እውነት ይዟል፤ ዛፉ ከባሕር ማዶ የመጣ መሆኑን ያስታውሳል።

ስም ሁሉ ግን እንዲህ አይታመንም። ቡና ኮፊያ አራቢካ የተባለው ሊኔየስ ያወቀው በዐረቦች በኩል ስለነበር ነው፤ የትውልድ አገሩ ግን ኢትዮጵያ ነው። ኦፑንቲያ ፊከስ ኢንዲካ «የህንድ በለስ» ይላል፤ ተክሉ ከሜክሲኮ የተነሣ ሲሆን ከበለስ ጋርም አይዛመድም። የሚገርመው የእኛም ሰው በመጽሐፍ ቅዱስ የሚያውቀውን የበለስን ስም ለዚሁ ተክል ሰጥቶታል፤ ሁለቱ ወገኖች ሳይመካከሩ ፍሬውን ቀምሰው አንድ ዓይነት ስም ላይ ደርሰዋል። ወይራችን ኦሊያ ዩሮፒያ ከሚባለው የአውሮፓ ወይራ ጋር በአንድ ዝርያ ሥር ስለሚመደብ «አውሮፓዊ» የሚል ቃል ተሸክሟል፤ የእኛን የሚለየው ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው ኩስፒዳታ የሚለው ሦስተኛ ቃል ነው፤ ሹል ጫፍ ያለው ማለት ነው።

የቦታ ስም ሲያጋጥም የሚያዝ መመሪያ እንግዲህ ይህ ነው፤ ቃሉ የሚነግረን ናሙናው መጀመሪያ ከየት እንደመጣ ወይም ሰያሚው ከየት እንደመጣ የመሰለውን ነው፤ ሕያው ነገሩ ዛሬ የት የት እንደሚኖር አይነግረንም። ቀይ ቀበሮ ሲሜንሲስ ቢባልም በቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክና በአቡነ ዮሴፍ ይኖራል፤ ትልቁ ቁጥሩ ደግሞ በባሌ ተራሮች ነው። ኮሶ አቢሲኒካ ቢባልም ወደ ደቡብ እስከ ማላዊና ዛምቢያ ድረስ ይበቅላል። ሐይቅ በተባለው የወሎ ሐይቅ የሚጠመደው ቆሮሶ ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲከስ፣ የዓባዩ፣ ይባላል፤ የሐይቅ ውኃ ወደ ዓባይ አይፈስም፤ ዓሣውን እዚያ ያስገባው ሰው ነው።

ስም ሲለወጥ

የቆየ መጽሐፍና አዲስ መጽሐፍ አንድን ዛፍ በሁለት ስም ቢጠሩት አንዱ ተሳስቷል ብሎ መቸኮል አይገባም። ግራር ለዚህ የቅርብ ጊዜ ምሳሌ ነው። የወሎ ግራሮች ለረጅም ዘመን አካሺያ በሚባል ጂነስ ሥር ነበሩ፤ ቃሉ ሹል ነገርን ወይም እሾህን ከሚያመለክት የግሪክኛ ሥር እንደ መጣ ብዙዎች ይስማማሉ። በኋላ ጥናቱ ሲጠልቅ ጂነሱ በአንድነት ሊቆይ የማይችል የተለያዩ ወገኖች ስብስብ መሆኑ ታወቀ። አካሺያ የሚለው ስም ለየትኛው ወገን ይቅር የሚለው ጥያቄ በ2005 በቪየና የዕፅዋት ጉባኤ ለአውስትራሊያ ዝርያዎች ተወሰነ፤ በ2011 በሜልቦርን ጸና። የአፍሪካ ግራሮች ቫቼሊያና ሴኔጋሊያ በሚባሉ ሁለት ጂነሶች ተከፈሉ፤ ቫቼሊያ ከሰው ስም፣ ሴኔጋሊያ ከሴኔጋል አገር ስም የወጡ ናቸው። እሾህ ማለት የሆነው ስም አብዛኞቹ እሾህ ለሌላቸው የአውስትራሊያ ዛፎች ሲቀር፣ እሾሃሞቹ ግራሮቻችን ስለ እሾህ ምንም በማይል ስም መጠራት ጀመሩ። ውሳኔው በወቅቱ ብዙ የአፍሪካ ባለሙያዎችን አስቆጥቷል፤ ቅር መሰኘታቸው ተገቢ ነበር ብዬ አስባለሁ። ቢሆንም በሥራ ላይ ያለው ስም እሱ ነውና መከተል ያስፈልጋል።

ስለዚህ በማስታወሻ ደብተር ላይ አሁን የጸናው ስም ይቀድማል፤ የቀድሞው ስም «ቀድሞ እንዲህ ይባል የነበረ» ተብሎ ከሥሩ ይጻፋል። ለደጋው ግራር የሚገባው ምዝገባ ይህን ይመስላል፦ «ግራር፤ ቫቼሊያ አቢሲኒካ፤ ቀድሞ አካሺያ አቢሲኒካ። የጂነሱ ስም ከሰው፣ ሁለተኛው ቃል ከአገር የመጣ። ቅርንጫፉ ወደ ጎን የሚዘረጋ፣ ቅጠሉ እጅግ ደቃቅ፣ እሾሃም።» ከዚህ ቀጥሎ የታየበት ቦታና ቀን፣ በአካባቢው የሚጠራባቸው የአማርኛና የኦሮምኛ ስሞች፣ ስሙን የነገረው ሰው የየትኛው ቀበሌ ነዋሪ እንደሆነ ይጨመራል። አንድ ገጽ ለአንድ ዝርያ ብቻ መስጠት ይሻላል፤ ስሙ ወደፊት ቢለወጥ ከሥሩ የሚጻፍበት ቦታ ያስፈልጋልና።